የ«ደጃፍ» የመጀመሪያ ገጽ

«አንዴ አቁመው እስቲ፣ ቲቶ።»

ቲቶ አላቆመም። የማባዣውን እጀታ ባዞረ ቁጥር አንድ ገጽ ታትሞ ይወጣል፤ ሐዳሳ ከስር ከስሩ እየተቀበለች ታራግብና ካርቶኑ ላይ ትደረድራለች። ካርቶኑ የፕላዝማ ቴሌቪዥን የመጣበት ነው። ትምህርት ቤቱ ቴሌቪዥኖቹን በየክፍሉ ሰቅሎ ሲጨርስ ባዶውን ካርቶን ለሥነ ጽሑፍ ክበብ በጠረጴዛነት ለገሰ፤ ክበቡ እስከ ዛሬ ያገኘው ትልቁ ስጦታም እሱ ነው።

«ካቆምኩት ቀለሙ ይደርቅብኛል» አለ ቲቶ። እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል። «አንቺ ግን እባክሽ አንድ ቦታ ቁሚ። ራሴን አዞርሽው።»

ሐዳሳ አንድ ቦታ መቆም አይሆንላትም። በደህናውም ቀን እንዲህ ናት፤ ዛሬ ደግሞ ብሶባታል። ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው፤ መጽሔቱ ነገ ተሰፍቶ ማለቅ አለበት። የአማርኛ አስተማሪያቸውና የክበቡ ኃላፊ ቲቸር ብዙነህ ከባህል መምሪያ እንግዳ እንደሚመጡ ነግረዋቸዋል። እንግዳው መጽሔቱን ከወደዱት ክበቡ ኮምፒውተር ያገኝ ይሆናል። ይህን ከሰማች ወዲህ ሐዳሳ ሆሳዕናን ከዳር እስከ ዳር በእግሯ ስትለካ ነው የሰነበተችው፤ ዛሬ ወረቀት ፍለጋ፣ ነገ ቀለም ፍለጋ።

መጽሔቱ «ደጃፍ» ይባላል። ስሙን ያወጣችው እሷ ናት፤ ሕጉንም ያወጣችው እሷው ናት። የመጀመሪያው ገጽ ከዚህ ቀደም አንድም ነገር ታትሞለት ለማያውቅ ሰው ብቻ ይሰጣል። ስም ያላቸው ገጣሚዎች ከኋላ ይሰለፋሉ፤ የቲቸር ብዙነህ ግጥም እንኳ የሚወጣው ከስፖርት ገጹ ቀጥሎ ነው። ከዚያም የመጀመሪያው ገጽ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ይነበባል። ሐዳሳ ለዚህ ገጽ ስትል በየክፍሉ እየዞረች፣ «እናንተ ብቻ የምታውቁትን ጻፉ» ስትል ከረመች። የመጣላት ሁሉ ግን ስለ አበባ ነበር፤ ስለ አበባ ያልሆነው ደግሞ ስለ ፍቅር። ከዚያ ሁሉ ክምር መሃል ቆማ እንድታነብ ያደረጋት የትርፊት ጽሑፍ ብቻ ነው።

ትርፊት ራሷ በሩ ላይ ብቅ አለች። ዘጠነኛ ክፍል ናት። ከሞርሲቶ መጥታ ከሌሎች ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ክፍል ውስጥ የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ካልተጠየቀች አትናገርም።

«ታትሟል አሉኝ» አለች ቀስ ብላ።

ሐዳሳ ገና ያልደረቀውን ገጽ አንስታ ያዘችላት። «ስምሽን እዪው ከላይ። ከነአያትሽ ነው ያወጣሁት፤ ትርፊት ማቴዎስ ላምቤቦ።»

ትርፊት ቆማ አነበበች። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መሃል ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ቆመ። ሐዳሳ ፈገግታ ስትጠብቅ ነበር፤ ፈገግታው ግን አልመጣም።

«ይሄን እኔ አልጻፍኩትም።»

«ያንቺ ነው እንጂ። ትንሽ ነው የነካካሁት።»

ጽሑፉ ስለ እናቷ ነው። አንድ ክረምት አያቷ ከገበያ ሲመለሱ ወንዙ ሞልቶ ነበር። አያትየው ዓይናቸው ደክሟል፤ ስማቸው ካልተጠራ በቀር፣ ሰው ቢጮህ ለሌላ ነው ብለው የሚያልፉ ዓይነት ናቸው። የትርፊት እናት ከላይ፣ ከእንሰቱ መሃል ሆና አየቻቸው። ትርፊት በጻፈችው ላይ እናትየው ቁልቁለቱን ሮጣ፣ ወድቃ፣ ተነስታ፣ ውሃው አፋፍ ላይ ነው የያዘቻቸው። ሐዳሳ ይህ አልተዋጠላትም። ድምፅ ያላት ሴት ለምን ትሮጣለች? ስለዚህ ሩጫውን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችና እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እናቴ ወደ ወንዙ ዞራ፣ ‹ላምቤቦ! ላምቤቦ!› ብላ ተጣራች። የገደል ማሚቶውም ስሙን ተቀብሎ በሸለቆው ናኘው።» ቲቸር ብዙነህ እዚህ ቦታ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «አርትዖት ማለት ይሄ ነው» ብለዋታል። ያን ቀን የሐዳሳ እግር መሬት አልነካም።

ትርፊት ጣቷን እዚያው መስመር ላይ አሳረፈች። ቀለሙ ጣቷ ላይ መጣ።

«እናቴ እንዲህ አትልም።»

«ታዲያ ምን ትላለች?»

«ምንም። ለዛ ነው የሮጠችው።»

«አያሳምንማ፣ ትርፊት። ሰውየው ወንዝ ሊገባ ነው፤ ስሙን ብትጠራው ይዞራል። አንባቢ ‹ለምን አልተጣራችም?› ብሎ ይጠይቃል።»

«ከኛ አገር ማንም አይጠይቅም» አለች ትርፊት። ዓይኗ ከገጹ አልተነሳም። «ቅዳሜ እናቴ ትመጣለች። አጎቴም፣ የአባቴ ወንድም፣ ይመጣል። አያቴ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። ይሄ በማይክራፎን ተነቦ እናቴ እንዴት አድርጋ ነው ከነሱ ጋር ሞርሲቶ የምትገባው? አውጪልኝ።»

«ታትሟል እኮ።»

«አውጪልኝ።»

«አረ ፋራ አትሁኚ፣ አንድ ስም ነው» አለች ሐዳሳ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ደስ አላላትም፤ ግን ወጣ። ትርፊት ገጹን ካርቶኑ ላይ መልሳ አስቀመጠች፣ ጣቷን በዩኒፎርሟ ጠረገችና ሄደች።

ቲቶ ማሽኑን ያን ጊዜ አቆመ።

«ሴትዮዋን አማቷን በስሙ አስጠራሻት እኮ» አለ።

«ቢሆንስ?»

«እንዴት ‹ቢሆንስ›? ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ እንደ ስሙ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትተዋለች፤ በምትኩ ሌላ ትላለች። አክስቴ ለግማሹ ዕቃ የራሷ መጠሪያ አላት። ምን ዓይነት የሆሳዕና ልጅ ነሽ?»

«አንተ አይደለህ እንዴ የተየብከው? ለምን አልነገርከኝም?»

«ስተይብ የማየው ፊደሉን ነው። የቲቸር ብዙነህን ግጥም ሁለቴ ተይቤ ስለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።»

ሐዳሳ መሳቅ አልቻለችም። «እሱ የድሮ ነገር ነው» አለች። ቲቶ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ወደ እጀታውም ተመለሰ።

ቤቷ እስክትደርስ ድረስ «የድሮ ነገር ነው» የምትለውን ለራሷ ስትደጋግም ሄደች። ሐዳሳ ያደገችው ከተማ መሃል፣ አማርኛ በሚወራበት ቤት ነው። ሀዲይኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን በአማርኛ ነው። እናቷ ሲስተር ፀሐይ ጤና ጣቢያ ይሠራሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያክሙ ውለው ማታ ቤተ ክርስቲያን ያስተምራሉ፤ የድሮ ነገር የሚባለው እሳቸው ዘንድ የሚገኝ አይመስልም። ስትገባ ነጭ ጋውናቸውን እየተኮሱ ነበር።

ቦርሳዋን ሳታወርድ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረችው።

«እማ፣ እስቲ የኔን ሙሉ ስም በይው።»

«ምን አስነካሽ ደግሞ ዛሬ?»

«በይው ዝም ብለሽ።»

«ሐዳሳ ፍሬው።»

«እስከ አያት።»

ካውያው የጋውኑ ኮሌታ ላይ ቀረ። የመቃጠል ሽታ ከመውጣቱ በፊት እናቷ አነሱት፤ ኮሌታውን ገልብጠው አዩት፤ ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «አባትሽን ጠይቂው» አሉ።

«ስሜ ነው እኮ፣ እማ። ስትጽፊው አይቻለሁ።»

«መጻፍ እጽፋለሁ። አባትሽ ሲመጣ ጠይቂው አልኩሽ።»

እናቷ አልተቆጡም። እንዲያውም አንገታቸውን ሰበር አድርገው ትንሽ እንደማፈር አሉ። ሐዳሳ ተመዝግባ በገባችባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ፣ በክትባቱም በሰንበት ትምህርቱም፣ ስሟ ሲጠየቅ እናቷ «ሐዳሳ ፍሬው» ብለው ዝም ሲሉ፣ የአያቷን ስም «ኤርጃቦ» ብላ የምትጨምረው እሷው ራሷ እንደነበረች አሁን ትዝ አላት። ይሄን ሁሉ ዓመት አጠገቧ ነበር። አንድም ቀን አላየችውም።

ክፍሏ ገብታ የትርፊትን ወረቀት አወጣች። በቀዩ እስክሪብቶ ስር ያለውን ፈልጋ አነበበችው። አማርኛው ይንገጫገጫል፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር አጭር ነው። ግን ሴትዮዋ ትሮጣለች። አንድ ቃል ብትናገር የምትድንበትን ቁልቁለት ትሮጠዋለች። ሐዳሳ አፈረች፤ ፊቷን የትም ብታዞር ማፈሯ አብሯት ዞረ። በየክፍሉ «እናንተ ብቻ የምታውቁትን ጻፉ» እያለች ዞራ፣ አንዲት ልጅ አምናት ስትጽፍላት፣ ያችኑ ነገር መርጣ ሰረዘችባት።

ዓርብ ጠዋት ቲቸር ብዙነህን መምህራን ማረፊያ በር ላይ ያዘቻቸው። ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጧት። ክፉ ሰው አይደሉም።

«ገባኝ» አሉ። «እኔም የዚህ አገር ሰው አይደለሁም፤ አላወቅኩም። ግን ሐዳሳ፣ ወረቀት የለም። ለእንግዳው ትናንት ማታ አንድ ቅጂ ልኬላቸው ወደውታል፤ ያችን የገደል ማሚቶ በስልክ አነበቡልኝ። አሁን ገጹን ብታነሺው መጽሔቱ ያለ መጀመሪያ ገጽ ነው የሚቀርበው። ስም ነው፣ ሰው አያስተውለውም።»

«የሚያስተውሉት ሰዎች ይመጣሉ፣ ቲቸር።»

«እንግዲህ እኔ አንሺም አታንሺም አልልሽም። አዘጋጇ አንቺ ነሽ።» መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ኮምፒውተሩ ከቀረ ግን ለክበቡ ልጆች የምትነግሪው አንቺው ነሽ። ገጹ ባዶ እንዳይሆን ከፈለግሽ ደግሞ፣ የኔን ግጥም ወደ ፊት ማምጣት ይቻላል።»

በእረፍት ሰዓት ትርፊትን ከቧንቧው አጠገብ አገኘቻት። ጣቷ ላይ ቀለሙ አልለቀቀም።

«የኔ ጥፋት ነው» አለች ሐዳሳ። ሌላ መግቢያ አዘጋጅታ ነበር፤ ሁሉም ጠፋት። «አወጣዋለሁ። አሮጌውን ገጽ አንድ ሳይቀር አቃጥለዋለሁ። ግን ብትፈቅጂልኝ፣ አንቺ የጻፍሽውን ማሳተም እፈልጋለሁ።»

«ሳትነኪው?»

«ሳልነካው።»

«አማርኛዬ ላይ ይስቃሉ።»

«ሊስቁ ይችላሉ» አለች ሐዳሳ። መዋሸት አልፈለገችም።

 ውሃው የትርፊትን ጀሪካን ሞልቶ መፍሰስ ጀመረ፤ ሁለቱም አልዘጉትም።

«አንቺ እኮ ነሽ ክፍላችን መጥተሽ ጻፉ ያልሽው» አለች ትርፊት በመጨረሻ። «እኔ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ያነበብሽው መስሎኝ ነበር።»

«አላነበብኩትም። ትናንት ነው ያነበብኩት።»

ትርፊት ቧንቧውን ዘጋች። ጀሪካኑን ካነሳች በኋላ ነው የተናገረችው። «የእናቴ የጉልበት ጠባሳም ይግባ። እሱንም ቆርጠሽው ነበር።»

ለማባዣው ከሚተየብበት የሰም ወረቀት፣ ከስቴንስል፣ ባዶ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ሐዳሳ «ከአዘጋጇ» ለሚለው ለራሷ መልእክት ያስቀመጠችው። መልእክቱን ወሩን ሙሉ ስትጽፈው ከርማለች፤ «ብርሃን» የሚል ቃል በየመስመሩ አለበት። ቲቶ ስቴንስሉን ከመሳቢያ ሲያወጣው አንዴ አያት፤ ከዚያ አቀበላት። የጽሕፈት መኪናው ያለበት ቢሮ ተቆልፎ ስለነበር ቀለም ባለቀ እስክሪብቶ ሰሙን እየጫረች፣ የትርፊትን ጽሑፍ ቃል በቃል በእጇ ገለበጠችው። ሦስት ቦታ ላይ እጇ ሊያስተካክል ሄዶባት ነበር። ሦስቱም ቦታ ላይ እጇን አራግፋ፣ ተነስታ ክፍሉን ዞራ ተመለሰች።

ወረቀቱን ያገኘው ቲቶ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ የአምና የጂኦግራፊ ፈተና ተከምሮ ነበር፤ ጀርባው ነጭ ነው። አባዙት። ከዚያ የተሰፋውን መጽሔት ሁሉ አንድ በአንድ እየፈቱ አሮጌውን ገጽ አውጥተው አዲሱን አስገቡ። አሮጌዎቹን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ጉድጓድ ወስደው ለኮሷቸው። ሐዳሳ እስኪያልቁ ድረስ እዚያው ቆመች። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቦታ ቆመች ማለት ይቻላል።

«አንድ ቀርቷል» አለ ቲቶ። «እንግዳው ጋ ያለው።»

ቅዳሜ ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ። ከየወረዳው የመጡ ወላጆች ወንበሩን ሞሉት። ትርፊት እናቷን ይዛ መጣች። ወይዘሮ ገነቴ አንድ እግራቸውን ትንሽ ጎተት እያደረጉ ነው የሚራመዱት። የሐዳሳን ጉንጭ ስመው፣ እንደ ክት ልብስ ተጠንቅቀው በያዙት አማርኛ ዘግይተናል አሉ።

«ጠዋት ያቺ የምትታለበዋ ወለደችና፣ ልጄ፣ በሷ ስንሯሯጥ መኪና አመለጠን።»

ትርፊትና ሐዳሳ ተያዩ። «ላም» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። ሴትዮዋ ግን በሰው ቋንቋም ቢሆን የአማታቸውን ስም መጀመሪያ ዞረው አለፉት፤ ከአጠገባቸው የቆመው የትርፊት አጎትም ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «ጥጃው ወንድ ነው» ብሎ ጨመረ።

ወይዘሮ ገነቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ አንድ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ።

የሐዳሳ ተራ ሲደርስ ቲቸር ብዙነህ ጆሮዋ ድረስ ጎንበስ አሉ። «ያው የወሰንሽውን ወስነሻል። ለእንግዳው ግን ምን ልንላቸው ነው? እሳቸው ያችን ጩኸት እየጠበቁ ነው።»

ሐዳሳ ወደ መድረኩ ስትሄድ እግሯ ከፊተኛው ረድፍ ጋ ዘወር አለ። እንግዳው መጽሔቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጠው ነበር።

«ይቅርታ፣ ይሄን ልቀይርልዎት» አለች። አዲሱን ዘረጋችላቸው።

«ምነው? እኔ ይሄን ወድጄዋለሁ።»

«ስህተት አለበት።»

እንግዳው በፈገግታ ቀና አሉ። «የማን ስህተት? የልጅቷ ነው?»

ማይክራፎኑ ቅርብ ነበር። ሐዳሳ ቲቸር ብዙነህን አየች፤ ከዚያ ሦስተኛውን ረድፍ አየች። ትርፊት አንገቷን አቀርቅራለች።

«አይደለም» አለች። «የአዘጋጇ ነው። የኔ።»

እንግዳው ፈገግታቸውን ሰበሰቡ። አዲሱን ተቀብለው አሮጌውን ሰጧት። ሐዳሳ አሮጌውን ገጽ ከመጽሔቱ ገንጥላ፣ አራት አጥፋ ኪሷ ከተተችና መድረኩ ላይ ወጣች። ወረቀቷን ስትዘረጋ የጂኦግራፊው ፈተና ወደ ሕዝቡ ዞረ፤ ከኋላ አንዱ፣ «መልሱ ሐ ነው» ብሎ ጮኸ፤ ልጆቹ ሳቁ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

ከዚያ «የትርፊት ማቴዎስ ነው» ብላ ማንበብ ጀመረች። ትርፊት እናቷ ጆሮ ስር በሀዲይኛ እየተረጎመች ታንሾካሹካለች። ሐዳሳ የሚንገጫገጨውን እያንገጫገጨች፣ አጭሩን በአጭሩ አነበበች። ወንዙ መጣ። አያትየው አላዩም። ሰው ጮኸ፤ ለሌላ ነው ብለው አለፉ።

«እናቴ አልተጣራችም» ብላ አነበበች። «ሮጠች።»

ትርፊት ማንሾካሾኳን አቆመች። ወይዘሮ ገነቴ ዓይናቸውን ከመድረኩ ሳያነሱ እጃቸውን ወደ ተዘረጋው ጉልበታቸው ወሰዱ። ከአጠገባቸው አጎትየው ባርኔጣውን አወለቀ። አንድ መስመር ቀርቷል። ሐዳሳ ምንም ሳትጨምርበት፣ እንደተጻፈው አነበበችው።

«ጉልበቷ ላይ ጠባሳ አለ። ሲጠይቋት፣ ወደቅኩ ትላለች።»